የልጄን ደመወዝ ያበዛሁ ዕለት

ደመወዝ ጠያቂ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ሞልተዋል። ጎንደር እያለን አባቴ ስለ ከብቱ ሲጠይቁት፣ ዓይን እንዳይበላበት አስሩን «አራት ናቸው» ይል ነበር። ጠያቂውም አውቆ ዝም ይላል። ያ ዝምታ እንዴት ይናፍቀኛል!

አንዷ ጎረቤቴ ታዲያ አውቶቡስ ላይ ያዘችኝ።

«አንቺዬ፣ የቴሌኮም መሐንዲሷ ልጅሽ ስንት ታገኛለች? ቴል አቪቭ እኮ እጥፍ ነው፤ ልምድ ላለውማ ከዚያም በላይ!»

ልጄ ይህን ሰምታ ወደዚያ ጥላኝ ብትሄድስ? ፈራሁና፣ ወሬዋን ልቁረጥ ብዬ፣ «እዚሁ ቅርብ፣ የምትሠራበት ያቭነ የቴል አቪቩን ይከፍሏታል» ስል አበዛሁት።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያለችው ገደራ ሳይደርስ ወሬው ያቭነ፣ ልጄ ጆሮ ገባ። ልጄ ከሥራ እየሳቀች መጣች።

«እማዬ፣ ያን የሚከፍሉት ቴል አቪቭ ያሉት ብቻ ናቸው። ለካ እኔም የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ! ያላ፣ በቃ ልነሣ፤ ነገውኑ እዚያ አመለክታለሁ።»

በገዛ አፌ ሸኘኋት።