የኡስታ አዳሙ ተራቤዛዎች

ክፉ ቀን ያለፈበት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለውን ሁሉ ይበትናል፤ ሁለተኛው ምንም ነገር አይጥልም። መካከለኛ አላየሁም። ክቡር ኡስታ አዳሙ የሁለተኛዎቹ አለቃ ናቸው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከበለሳ ተነስተው በእግራቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገቡ። መንገድ ላይ የአልጋ ጠፍር ቀቅለው በልተዋል። ዛሬ ስለዚያ ጠፍር ሲጠየቁ "ጨው ጎድሎት ነበር" ይላሉ። ጠፍር የበላ ሰው አሮጌ ዕቃ ሲጣል ዝም ብሎ አያይም። ግቢያቸው ክዳን ባጣ ድስት፣ እጀታ ባጣ መጥረቢያና አንድ እግር ባጣ አልጋ የተሞላ ነው። "የማይረባ ዕቃ የለም፤ የማይረባ ሰው እንጂ" ይላሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።

ኡስታ እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ የሚከበርበት ስም ነው። ለእሳቸው ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። እኔ የምጠረጥረው ራሳቸውን ነው።

የሙያቸው ጫፍ ግን የስፌት መኪና እግር ነው። ልብስ ሰፊዎች ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ የፔዳሉን መኪና በየጥጉ ጣሉት። ኡስታ አዳሙ የብረት እግሩን ለቅመው፣ ዝገቱን ፍቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሳንቃ ይጭኑበትና ተራቤዛ ያደርጉታል። ከገዳሪፍ እስከ ሀዋታ ሻይ የሚጠጣው ሕዝብ ግማሹ ክርኑን የሚያስደግፈው በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ችግሩ ፔዳሉ ነበር። ሰው ተቀምጦ እግሩ ዝም አይልም፤ ይረግጣል፤ ተራቤዛው ይንቀጠቀጣል፤ ሻዩ ይፈሳል። አንድ ጊዜ ለሽምግልና የተቀመጡ አባት "ልጃችን መጠጥ አይቀምስም" እያሉ ሳለ፣ ከሥር መዘውሩ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ተሰማና ሠርጉ ሦስት ወር ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው መዘውሩን ሁሉ ከእግሩ ጋር በየዱት። "አሁን ሰው እንደፈለገ ይዋሽ፤ ተራቤዛዬ አይመሰክርም" አሉ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ሸዊት የምትባል ሴት ከስደተኞች ካምፕ መጣች። ከሑመራ ስትሸሽ የስፌት መኪናዋን ራስ እንደ ልጅ አዝላ ተከዜን ተሻግራለች፤ እግሩ ከብዷት እዚያው ቀርቷል። የጨርቅ ነጋዴው ሁዜይፋ የተማሪ ዩኒፎርም ሊያሰፋት ቃል ገብቶላታል። እስከ ሐሙስ የሚሠራ መኪና ካላሳየችው ግን ሥራው ለሌላ ነው። ኤሌክትሪክ እንደሆነ ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ እንግዳ ሆኗል።

"አቦይ አዳሙ፣ እግር አለዎት አሉኝ።"

"ሞልቶ! ስንት ልስጥሽ?"

"አንድ። የሚዞር።"

ኡስታ አዳሙ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤታቸው ሆኜ አይቼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ሦስት እግር ነበር፤ ሦስቱም የተበየዱ።

"ንገራት እንጂ፣ ማን እንደበየደው!" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሉሉ ከጓዳ።

"አንቺ ዝም በይ!"

የመጀመሪያውን በመዶሻ መቱት፤ ተሰነጠቀ። ያ አሮጌ ብረት ሲያዩት ኃይለኛ ነው፤ ሲመቱት ግን ገል ነው። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሁዜይፋ ራሱ ለሱቁ ያዘዘው፣ እብነበረድ የተጫነበት ነበር። ኡስታ አዳሙ ትንሽ አሰቡና እብነበረዱን አውርደው ግድግዳ አስደገፉት። መዶሻውን ወረወሩት፤ የብረት መጋዝ አነሱ። ከማክሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ረፋድ ብየዳውን በእጃቸው ሲገዘግዙ ሰነበቱ።

"ይህን የበየደ እጁ ይሰበር!" ይላሉ በየመሀሉ።

"አሜን!" ይላሉ ወይዘሮ ሉሉ።

የሸዊትን መኪና ራስ በሳንቃ ላይ ጫኑበት፤ መዘውሩን ከራሱ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ስለጠፋ ቀበቷቸውን ቀደው አበጁለት። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው "እስቲ ርገጪ" አሏት። ሸዊት ረገጠች። መዘውሩ አቃሰተ፣ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ዞረ፤ እሷም አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰፋችበት።

ወዲያው ሁዜይፋ ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ ገባ።

"ያ ኡስታ፣ ተራቤዛዬ የታለ?"

"ያውልህ። ሥራ ላይ ነው።"

ሁዜይፋ እብነበረዱን አየ፤ ሸዊትን አየ። የሰፋችውን ቁራጭ አንስቶ በሁለት እጁ ሳበው፤ ስፌቱ አልላላም። "ተማም፣ ጥሩ ነው" አለ። "ጨርቁን ዛሬ እልካለሁ። እኔስ ምን ላይ ልብላ?"

"መሬት ላይ! አባትህ ምን ላይ በልቶ ነው ያሳደገህ?"

እኔ ሠላሳ ዓመት በኡስታ አዳሙ ስስቅ ኖሬአለሁ፤ ነገም እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን መዳፋቸው ተልጦ ሲደማ አይቼ ሻይ ገዛሁላቸው። ይህን ከእኔ ማንም አይጠብቅም።

ሸዊትም እጃቸውን አየች። "አቦይ፣ የእርዳታ እህል የሚሰጠን አልጠፋም። እርስዎ ግን ለምን እንዲህ ደከሙልኝ?"

"ስሚ ልጄ" አሉ። "ያኔ ስንዴ የሰጡኝ ብዙ ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ ስማቸውን ግን ረስቻለሁ። እዚሁ ሱዳን፣ መፋዛ ላይ አንድ የማሽላ እርሻ ባለቤት ነበር፤ ሓለፎም ይባላል። እኔ ጥላዬን መሸከም አቅቶኝ ስንገዳገድ ማጭድ ሰጠኝና 'ነገ በማለዳ ና፤ ያለ አንተ አጨዳው አያልቅም' አለኝ። ሁለት መቶ አጫጅ ነበረው። ውሸቱን መሆኑን ዓይኔ እያየ አውቃለሁ። እኔ ግን አርባ ዓመት የቆምኩት በዚያች ውሸት ነው።"