ለባለቤቱ የማይነገር ወሬ

በእኛ አገር ክፉ ወሬ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ አይሄድም። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማዋል፤ ከዚያ አጎት፣ ከዚያ የንስሐ አባት፣ ከዚያ በገበያ ቀን ከገሳይ የመጣ የሩቅ ዘመድ። ሁሉም ከንፈሩን መጥጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ለባለቤቱ ተራው የሚደርሰው። እናንተም ይህን ስታነቡ፣ ስለ እናንተ ሰፈሩ የሚያውቀው እናንተ ግን የማታውቁት ነገር ይኖር ይሆናል። አትደንግጡ። ደግነት ነው።

እኔ ይህን ደግነት ቀምሼዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቄ ውጭ አገር እንድማር ተመርጬ ነበር። ቦታዬ ለአንድ ባለሥልጣን የእህት ልጅ ሲሰጥ እኔን የመረጠው ቢሮ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ዘመድ አዝማዱም ያውቅ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ እንኳ ሰምቶ ኖሮ፣ ለመንገዴ ያዘዝኩትን ኮት ጀምሮ ትቶት «ክር አልቆብኝ ነው» ይለኝ ነበር። ክር እስኪመጣ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ቦታዬን የወሰደውን ሰው አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ክሩን ግን እንጃ።

ታናሽ እህቴ ውባለም ነርስ ናት። ውጭ አገር ሄዳ ለመሥራት ቆርጣ ከተነሣች ቆይታለች። ማስረጃዋን አስመርምራ፣ የእንግሊዝኛውን ፈተና አልፋ፣ የቀራት የአንድ ሆስፒታል የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። ጠያቂዋ፣ «አንዲት ሕመምተኛ ከባድ በሽታ ተገኘባት እንበል። ልጇ ኮሪደር ላይ አግኝቶሽ ‹እናቴን ምን አገኛት?› ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ውባለም እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ገጥሟት አያውቅም። «ልጁን ጥግ ወስጄ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፤ ለእናቱ እንዳይነግር ደግሞ አደራ እለዋለሁ» አለች።

ወደቀች።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አለችኝ። «ልጇ አይደለም እንዴ?»

«በሽታው የማን ነው?»

«የእናትየዋ።»

«እንግዲያው ወሬውም የእሷ ነው።»

«ብትደነግጥስ?»

«ትደንግጣ! መደንገጡም የእሷ ነው» አልኳት። ኮቴ ትዝ ብሎኝ ድምፄ ሳይከር አልቀረም።

ሆስፒታሉ ሌላ ዕድል ሲሰጣት፣ ይህቺ ልጅ እንደ እኔ ኮቷን ሳትለብስ መቅረት የለባትም ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። በየምሽቱ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሕመምተኛ እሆናለሁ፤ እሷ ትነግረኛለች። በመጀመሪያው ምሽት ስለ ጤናዬ፣ ስለ ከብቶቼ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝና «ሐኪሙ ትንሽ ነገር አይቶ…» ብላ ዋጠችው።

«ምን አየ?»

«እ… ዘመድ አብሮህ አልመጣም?»

ከአልጋው ዘልዬ ተነሣሁ። እንደገና! አጠገብ ተቀመጪ፣ ዓይን ዓይኑን እዪው፣ በአጭሩ ንገሪው፣ ከዚያ ዝም በይ። የከበዳት ዝምታው ነበር፤ «አይዞህ» እያለች ትሞላዋለች። ከጓዳ ደግሞ እናታችን፣ «ይህን ልጅ በቀን ስንቴ ነው የምትገድይው?» ትላታለች። እናታችን ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋት ውባለም ናት።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ማግስት፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ውባለም ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ አልፌያለሁ። ልሄድ ነው። እማዬን ጠዋት ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳ መርቃኛለች። ከእንግዲህ የምትወጋት አንተ ነህ።»

ከዚያ ዝም አለች። እንዴት ያለ ዝምታ መሰላችሁ! አንድም «አይዞህ» አልጣለችበት። ስለ ፓስፖርቱም ስለ ሻንጣውም ሳስብ የከረምኩ ሰው፣ መርፌው ማን እጅ ላይ እንደሚቀር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ምነው አጎቴን ጥግ ወስዳ ቀድማ በነገረችልኝ አልኩ።

«ጥያቄ አለህ?» አለችኝ፤ ልክ እንዳስጠናኋት።

«አለኝ» አልኳት። «መርፌው በየት በኩል ነው የሚገባው?»

በማግስቱ ጠዋት ውባለም አጠገቤ ቆማ፣ እጄን ታጥቤ፣ መድኃኒቱን ለክቼ፣ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይን ዓይኗን አይቼ፣ «እማዬ፣ አሁን ልወጋሽ ነው» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኧረ አትንገረኝ፤ ዝም ብለህ ውጋ!»

ወጋኋት።