የየኔታን ዜማ ማን ያውቃል?

ታላቅ ሰው ሲያርፍ «እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በአንድ ቀን ሁለት ገጥመውኛል።

ንፋስ መውጫ አስተምራለሁ። በአቅራቢያችን ባለው የቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት የዜማ ደራሲ የኔታ ካረፉ በኋላ፣ ለሙት ዓመታቸው ታሪካቸውን እንድጽፍ ታዘዝኩና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አገኘሁ።

አንደኛው መሪጌታ፣ «ቁጡ ነበሩ፤ ጻፍ!» አሉኝ።

ሁለተኛው፣ «ኧረ ተቆጥተውም አያውቁ! ሰርዝ!»

ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። የመጨረሻ ድርሰታቸውን እንዲያዜሙልኝ ብለምን፣ ያንኑ ቃል አንዱ በሐዘን፣ ሌላው በደስታ ዜማ አሰሙኝና ሊደባደቡ ደረሱ። ታዲያ ለሙት ዓመቱ የቱ ይዘመር? ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም በስልኬ ቀድቼ ለየኔታ ባለቤት ለእማሆይ አሰማኋቸው። እማሆይ በሁለቱም አለቀሱ።

«የትኛው ነው የየኔታ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እቤት ሲገቡማ ዝም ነበር የሚሉት።»