የማይጠፋ ዋስ

ዋስ የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም። በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ጭነትን ከመኪና የማገናኝ ደላላ ነበርኩ። «ያልተመዘገበና ዋስ ያልጠራ ደላላ አይሠራም» ተባለና ውጫሌ ከተማ፣ ደላሎችን የሚመዘግበው ሹም ዘንድ ቀረብኩ።

ነጋዴ ወሰድኩለት። «ነጋዴ ነገ ይኮበልላል» አለ። ገበሬ ወሰድኩለት። «መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እሱ ምን አለው?» አለኝ። መነኩሴ ብወስድለት ደግሞ «ዓለምን ጥሎ የሄደ አንተን አይጥልም?» አለ።

«እንግዲህ የትም የማይሄደው የታሰረ ሰው ብቻ ነው» አልኩት በንዴት።

ብዕሩን አነሳ። «ስሙን ንገረኝ፣ ጓድ።»

የጋሽ ሰይድን ስም ጠራሁ። ጋሽ ሰይድ የታሰሩት ለሌላ ደላላ ዋስ ሆነው፣ ሰውየው ጅቡቲ ገብቶ ስለቀረ ነው። ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ቅጹን ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን ሄድኩ። የእንጀራ ነገር አይደል?

እሳቸው አላመነቱም። «አምጣው ልጄ» አሉኝ። «ብትጠፋስ፣ ወላሂ ከዚህ ወዲያ የት ያስሩኛል?»

ፈረሙልኝ። መዝጋቢውም ቅጹን ተቀብሎ፣ ከእስር ቤቱ አድራሻ ጎን «ቋሚ» ብሎ ጻፈበት። አመስግኜው ወጣሁ።