ሳይሾሙ የእሳት አለቃ የሆኑት አያ ድረስ

ሳይሾሙት የሚሾም ሰው የሌለበት መንደር የለም። አንዱ ያልተጠራበትን ጠብ ይዳኛል፤ ሌላው ለማያውቀው ጎረምሳ ሚስት ይመርጣል። ከዳባት በላይ ባለች አንዲት መንደር ደግሞ ክቡር አያ ድረስ የሰው ምድጃ ይመረምራሉ።

በ1997 ዓ.ም. ደባርቅ ሄደው ስለ እሳት አደጋ የአንድ ቀን ተኩል ስልጠና ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የሣር ጎጆ ባለበት ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ ይገባሉ። «ክዳንሽ ሣር፣ ግድግዳሽ እንጨት፣ ተስፋሽ በምንድን ነው?» ይላሉ። ሰላምታቸው ይኸው ነው። ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት፣ በዚያ ላይ የቅርብ ጎረቤታቸው ናትና በቀን ሁለቴ ትመረመራለች። አንድ ቀን ሽሮዋ ገና ሳይንተከተክ ምድጃዋ ላይ እንስራ ሙሉ ውሃ ደፉባት።

«ነፋስ ተነሥቷል» ነበር ምክንያታቸው።

መምሬ ገብረ ክርስቶስ ቤቷን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እንኳ አላፈሩም። «አባቴ፣ ቤቱን ይባርኩልን፤ ጧፉን ግን ደጅ ያቆዩልን።»

መምሬ ትክ ብለው አዩአቸው። «ልጄ ድረስ፣ አንተን ገሃነም ቢያወርዱህ አጋንንቱ ራሳቸው ይሰደዳሉ።»

መንደሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ማንጠግቦሽ ነበረች።

በመጋቢት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንደሩ ጫፍ የገለባ ክምር ተቀጣጠለ። ነፋሱ ትንታጉን እየተሸከመ ወደ ጎጆዎቹ ነዳው። መጀመሪያ የሚያገኘው የአያ ድረስን ቤት ነው፤ ቀጥሎ የማንጠግቦሽን፤ ከዚያ መንደሩን ሁሉ። ሰው ዕቃ ሊያወጣ ሲራወጥ አያ ድረስ ማጭድ ይዘው የገዛ ጣራቸው ላይ ወጡ።

«አያ ድረስ! ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ማንጠግቦሽ ጮኸች።

«ቤቴን እያፈረስሁ! ሣር ካላገኘ አይሻገርም! አንቺ አፍሽን ዝጊና የምጥለውን ወዲያ ጎትቺ!»

ጎተተች። ያያት ሁሉ ተከትሏት ጎተተ። እሳቸው እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን ትንታግ በባዶ እጃቸው እየጨፈለቁ ክዳኑን ገፈፉት። ቤቱ አጽሙ ብቻ ሲቀር እሳቱ የሚበላው አጥቶ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ሞተ። ከማንጠግቦሽ ጣራ አንዲት ሰበዝ አልተነካችም።

መንደሩ ቤታቸውን በሦስት ቀን መልሶ ከደነው። እጃቸው ግን በእሳቱ ተልጦ ተጠቅልሏል፤ ማን ያጉርሳቸው? ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ማንጠግቦሽ እንጀራዋን ይዛ ሄደች።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ። «ደግሞም...»

ከፊተኛው የሚበልጥ ጉርሻ አስከተለች። አፋቸውን ለመዝጋት ነው ብላ ለሰው ሁሉ አወራች። በየቀኑም እየሄደች ዘጋችው። እጃቸው ከዳነ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ዛሬም ታጎርሳቸዋለች፤ ሁለቱም ግን የእጁን መዳን አላነሡትም።