የበኩር ልጅ ፈቃድ

የሆላንድ ሰው ሚያዝያ ከገባ በኋላ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ዘንድሮ ፋካንሲ ወዴት ነው?» ይላችኋል። ዕረፍታችሁን የት ልታሳልፉ ነው ማለቱ ነው። «ቤቴ ነኝ» ብትሉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጤናችሁን ይጠይቃል። እናንተም በተራችሁ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ፈረንሳይ፣ ገጠር» ነው። ያን ጊዜ ከእኛ አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «እዚያ ማን አለህ?» ማንም የለውም። የሚሄደውም ማንም ስለሌለው ነው።

ይህ ነገር እስኪገባኝ ብዙ ዓመት አልፏል። እኛ መንገድ የምንወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለታማሚ ጥየቃ፣ ሲብስም ለፍርድ ቤት ነው። የማያውቁት መንደር ገብቶ፣ የማንንም ደጅ ሳይረግጡ፣ የሰው ግድግዳ በትኩረት ሲያዩ ውሎ መመለስ እኛ ሀገር ቢደረግ፣ ገና ሳይመሽ ከየት መጣህ የሚል ሰው ይከባችኋል። እዚያ ግን ትኬት ይቆረጥለታል።

ወዳጄ ሰይድ ትኬት ከሚቆርጡት ወገን አልነበረም። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ውስጥ ከባለቤቱ ከዘሃራና ከልጃቸው ከሃያት ጋር ይኖራል። የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ዕረፍት ሲያገኝ ደግሞ ይተኛል። ነገር ግን ሃያት ከፍ ስትል የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ በየዓመቱ ፈረንሳይ እንደሚሄዱ እራት በቀረበ ቁጥር ማስታወስ ጀመረች። በዚያ ላይ አንዲት የዘሃራ የሥራ ባልደረባ (ሁለቱም በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ይንከባከባሉ) ደቡብ ፈረንሳይ ያላትን ትንሽ ቤት ለአንድ ሳምንት ላውሳችሁ አለች። ሰይድ ምክንያት አለቀበት። ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን መንዳት ስላልፈለገም እኔን ከምኖርበት ከተማ ከዴን ሃግ ጎትቶ ጨመረኝ።

ቤልጅግን ሳናልፍ ሆዱን የሚበላውን ነገር አወጣው። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። ያደገው ከከሚሴ በላይ፣ ተራራ አናት ላይ በተሠራ የድንጋይ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ ዕድሜያቸውን ማንም በትክክል የማያውቀው። ውሃው ከታች ነው፤ የመኪናው መንገድም ከታች ነው። እናቱ ባለፈው ክረምት ደረጃው አዳልጧቸው ወድቀው ወገባቸውን ስለታመሙ፣ ታናሽ ወንድሙ እንድሪስ መንገዱ ዳር ቤት ሠርቶ ሊያወርዳቸው ፈልጓል። ችግሩ ጣሪያው ነው። እንዲህ ያለ የጽድ እንጨት ዛሬ ስለማይገኝ አዲሱ ቤት የሚከደነው የአሮጌው ጣሪያ ተነስቶ ነው። ጣሪያው የተነሳ የድንጋይ ቤት ደግሞ ክረምት አይችልም፤ ይፈርሳል።

አባታቸው ስለሞቱ ቃሉ የበኩሩ የሰይድ ነው። «አስቤበት እነግራችኋለሁ» ብሏቸው ሲያስብ ወራት ሆነው። ቅድመ አያቱ የከደኑትን ቤት ሆላንድ ተቀምጦ በስልክ ማፍረስ አልሆንልህ አለው። እናቱን በዚያ ደረጃ ላይ መተውም አልሆንልህ አለው። እንዲህ ሲሆን ማሰብ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ማንም «ለምን ታስባለህ?» ብሎ አይከስህም።

የመጀመሪያውን ቀን ወንዝ ላይ አሳለፍነው። ታንኳ ተከራይተን፣ ማንም ወደማይጠብቀን ቦታ በሙሉ ኃይላችን ቀዘፍን። ሰይድ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያውን ከጃኬቱ በላይ ጠብቆ አስሮ፣ ምስክርነት እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቆንጆ ቀን ነበር ማለት አለብኝ። ከወንዙ ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ የተለጠፈ መንደር ይታይ ነበርና ሃያት «ነገ እዚያ!» አለች።

በማግስቱ መኪናችንን ግርጌው ላይ አቁመን ወጣን። ጠባብ መንገድ፣ የተላጉ ደረጃዎች፣ በየጥጉ አበባ። ሃያት ወደ እኔ ዞራ «አንተ ደክሞሃል?» አለችኝ። ሆላንድ ያደጉ ልጆች ጋር አንቱታ ካልቀረባችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። አባቷ ግን አንዱ ግድግዳ ጋ ደርሶ ቆመ። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

«ፓፓ፣ ምን ሆንክ?»

«ይኼ እኮ የእኛ ቤት ነው።»

«ያንተ መንደር እንዲህ ነው እንዴ?»

«ያኛው ይሻላል። ሰው አለበት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። ኢንተርኔት አለው ወይ አልሽኝ።»

ከዚያ በኋላ ሃያት የምታየው ሁሉ ተለወጠ። የሚመጣው ዓመት ወሎ እንደምንሄድ ወሰነች፤ አጎቷ እንድሪስም ቤት አፍራሽ ሆኖ ታያት። ጣሪያው እንዳይነካ አባቷን ቃል ልታስገባው ከጀለች። እኔም አገዝኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስለ ቅርስ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ፤ እዚያ ተራራ ላይ አንዲት ጀሪካን ውሃ ተሸክሜ ስላልወጣሁ ንግግሩ እንከን አልነበረውም። ዘሃራ «እናንተ ምናችሁ ተነካ» አለችና ጥላ ፍለጋ ወደ ታች ወረደች። ሰይድ ግን ልቡ ቆርጦ ነበር። ጣሪያው አይነሳም፤ ለእናቱ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። አሁኑኑ ለእንድሪስ ሊደውል ስልኩን ቢያወጣ በወፍራም ግድግዳዎች መካከል መስመር የለም። መስመር ፍለጋ ወደ ላይ ወጣን።

ከላይኛው መታጠፊያ ላይ አንዲት አሮጊት ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ በበትራቸው ተደግፈው ይተነፍሳሉ። ሰይድ ሳይጠይቃቸው ከረጢቱን አነሳ። ወሎ ላደገ ሰው ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ጭንቅላት አይጠየቅበትም። ሴትዮዋ ደንግጠው የከረጢቱን ጆሮ ያዙ፤ ፊቱን አዩት፤ ለቀቁት። ሃያት ከትምህርት ቤት በቃረመችው ፈረንሳይኛ ይቅርታ ጠየቀችልን። ደጃቸው ስንደርስ አስገብተው በሽሮፕ የጣፈጠ ውሃ ሰጡን። ወሬያቸውን ሃያት ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች ታስተረጉምልን ጀመር።

እዚህ መንደር በሙሽርነት የገቡ ናቸው። አሁን ዙሪያውን ያሉት ቤቶች የእንግሊዞች፣ የቤልጅጎች፣ ይልቁንም የሆላንዶች ናቸው፤ ሙቀቱ ሲያልፍ መስኮቶቹ ይዘጋሉ፤ በብርዱ ወራት መብራት የሚታየው በእሳቸው ቤት ብቻ ነው። ደጃቸው ላይ የሚይዙት የብረት መደገፊያ እንዲተከልላቸው ቢያመለክቱ፣ የጥንቱን መልክ ያበላሻል ተብለው እስካሁን ፈቃድ ይጠብቃሉ። ሴት ልጃቸው ታች ከተማው ውስጥ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታላቸዋለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ግን ይህን ቤት በጣም ይወደዋል። ነሐሴ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል።

«እያሰበበት ነው ይላሉ» አለች ሃያት፤ ይህን ስትል ድምጿ ቀነሰ።

ሰይድ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ የቅርስ ንግግሬን ከውሃው ጋር ዋጥኩት።

«እሳቸው ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂልኝ» አለ።

ሃያት ጠየቀች። ሴትዮዋ ጥያቄውን ስላልለመዱት ነው መሰለኝ መልሰው አስደገሟት።

«ሰው ሲያልፍ የሚታይበት መስኮት።»

ሰይድ አመስግኖ ወጣ። መስመሩ ደጁ ላይ ነበር፤ ከሸለቆው ፊት ለፊት ቆሞ ደወለ፤ ሃያት እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «እንድሪስ፣ ጣሪያውን አንሱት። እማን አውርዳት» አለ። ለዚህ ቃል ስንት ወር እንደፈጀ ስለማውቅ፣ ከወዲያ ማዶ እልልታ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ሌላ ነው፤ የእግር ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የእናትየው ድምፅ።

«ልጄ፣ እኔማ ከወረድኩ ሰነበትኩ።»

ከዒድ በኋላ የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ አውርደዋቸዋል። ጣሪያውም ወርዶ፣ አሁን ከእሳቸው በላይ ተከድኖ ቆሟል። እንድሪስ ይህን ለመናገር ፈርቶ፣ ሁሉም ተመካክረው፣ ሰይድ አስቦ እስኪጨርስ ሊጠብቁት ተስማምተው ነበር። «አንተ በኩሬ ነህ» አሉት፤ «ልጇ ሳይፈቅድ ወረደች እንዳይባል ብለን ነው።»

የሰይድን ፊት አየሁት። ሊቆጣም ሊስቅም ይችል ነበር፤ ሁለቱም የሚገባው ነበር። የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ሸለቆው ሙሉ ሽማግሌ የተቀመጠበት ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሺ። ፈቅጃለሁ።»

ምርቃቱ ከዚያ በኋላ መጣ፤ የእንድሪስ፣ የሚስቱ፣ የጎረቤት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ። የእናትየው መጨረሻ ነበር። «እሰይ። እንግዲህ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉ። ሲያሾፉም፣ ሲያባብሉትም አልነበረም። ከልባቸው ነበር።

«ግን እኮ ወርዳለች!» አለች ሃያት። «ፈቃዱ ምን ያደርጋል?» በአማርኛ ላስረዳት ሞከርኩ፤ በደችም ሞከርኩ። ሁለቱም ቋንቋ እኩል ከዳኝ።

ፈረንሳዊቷ ሴትዮ በራቸውን ተደግፈው፣ ሸለቆውን የሚያናግረውን ሰውዬ ሲያዩ ነበርና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሃያት በቃልም በእጅም አስረዳቻቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙ፤ ወደ ውስጥ ገብተው የቤታቸውን ስልክ ይዘው ተመለሱ፤ ለሃያት ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት።

«ፓፓ፣ ልጃቸውን አናግርልኝ እያሉህ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ለመጀመሪያ ልጅ ይገባዋል ይላሉ።»

ሰይድ ፈረንሳይኛ አይችልም። ስልኩን ተቀበለ።