የደህንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ አመራረጥ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ሠራተኛዋ የውብዳር ሕልም አየች።

በሕልሟ ለሥራ ስትገባ ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉሸዋ ሄልሜት ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ለምን አረፈድሽ አላሏትም። እጅ ነሥተው፣ ለሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንድትመርጣቸው ለመኗት።

«እትዬ የውብዳር፣ እኔ እኮ በእርስዎ ድምፅ ነው የምኖረው» አሏት።

አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ሠራተኛው ወንበር ላይ ተንፈላሷል፤ አለቆቹ ከነከረባታቸው ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። የተሰበረ ደረጃ አግኝቼ ጠቆምኩ ያለው ተጨበጨበለት። በክፍሌ ምንም አደጋ የለም ያለውን ግን ዋሾ ብለው ከሰልፉ አስወጡት።

ወዲያው አዳራሹ የሶል መቁረጫ ክፍል ሆነ። መቁረጫ ማሽኑ ነጠላ ተከናንቦ ዱካ ላይ ኩርምት ብሏል። ምን እንደነካው ብትጠይቀው የሰው ጣት እንደሚያስፈራው ነገራት። ጓንት ቢጠይቅ በጀት የለም ብለውት ኖሯል። የማስቲሹ በርሜል በበኩሉ የሠራተኛው ሽታ ራሴን አዞረኝ ብሎ አፍንጫውን በጨርቅ አስሯል። የእሳት ማጥፊያው ደግሞ ከግድግዳው ወርዶ እያነከሰ መጣና፣ ጊዜዬ ካለፈ ስንት ዘመኔ፣ ጡረታዬን አስከብሩልኝ አለ።

ማሽኖቹ መክረው መክረው፣ አለቃ የማይፈራ ሰብሳቢ እስኪገኝ ድረስ ሥራ ላለመጀመር ተስማሙ። ከዚያ ሁሉም ወደ የውብዳር ዞሩ።

«እኛ አፍ የለንም» አለ መቁረጫው። «እርስዎ ይናገሩልን።»

የውብዳርን በዕድሜዋ እንዲህ አንጀት በሚበላ ድምፅ የለመናት የለም። እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች፤ ደግማም ነቀነቀች።

ጭብጨባው ቀሰቀሳት።

የፋብሪካው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ እሷን እያየ ያጨበጭባል። አጠገቧ የተቀመጠችው ዘርትሁን ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። ሰብሳቢ ሁኑ የተባሉት በሙሉ ሰበብ እየፈጠሩ አመለጡ፤ አንዱ ዕድር አለብኝ አለ፤ ዲፕሎማ ያለው ሰውዬ ማንበብ አልችልም ብሎ ማለ።

«አንቺ ብቻ ስምሽ ሲጠራ ራስሽን ነቀነቅሽ» አለቻት።

አቶ ሙሉሸዋ ፊታቸው በርቶ ተነሡ። በሁሉም ስም እንኳን ደስ አለዎት አሏትና ወረቀታቸውን ገለጡ።

«የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳ፣ በሥራ ሰዓት የሚያንቀላፉ ሠራተኞች የሚያመጡት አደጋ ነው። ሰብሳቢያችን፣ ይምሩን።»